የመኪና ሶኬት ኃይል ሲያጣ

ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር ወደ መተማ ስትወርዱ፣ ኮኪት ላይ የስልካችሁ ቻርጀር ሥራውን ቢያቆም አስቀድማችሁ በሌላ መኪና ፈትኑት። ቻርጀሩ ደኅና ከሆነ ቫልቮላውን ተመልከቱ።

ቫልቮላው ካልተቃጠለ የመኪናውን ቁልፍ ከፍታችሁ፣ የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከሶኬቱ መካከል፣ ሌላውን ከመኪናው ባዶ ብረት አገናኙ። ካልበራ ኃይል አምጪው ሽቦ ተቋርጦአል። በርቶ ሳለ ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ሶኬቱ ጎን ስታዛውሩት ቢጠፋ፣ ጉድለቱ የማሳው ነው።

ተቃጥሎ ከተገኘ በልኩ ተኩት። አዲሱም ምንም ሳይሰካ ወዲያው ቢቃጠል፣ ወይ ሶኬቱ ውስጥ ሳንቲም ወድቆአል፣ ወይ ሽቦው ተልጦ ከብረት ተነካክቶአል።

በ15 አምፔር ፈንታ 30 ማግባት ግን ከቶ አይገባም። ቫልቮላው የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይነድ ነውና፤ ጠባቂውን ያሰናበተ ሰው መኪናውንም ራሱንም ለእሳት አሳልፎ ይሰጣል።