በዲግሪ ላይ የሚጀመር ሐኪምነት

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የተሰፋው በ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ልክ ነው። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ፒሲ ዋን፣ ፒሲ ቱ፣ ሲ ዋን፣ ሲ ቱ እያለ የቅድመ ክሊኒክና የክሊኒክ ዓመታቱን ቆጥሮ በሆስፒታል የኢንተርንነት ልምምድ ይጨርሳል። በሌላ ሙያ ተመርቆ፣ ደመወዝተኛ ሆኖ፣ ምናልባትም ትዳር ይዞ ሳለ ሐኪም ልሁን ብሎ የሚነሣ ሰው በዚህ መስመር እምብዛም ቦታ የለውም። የሚገባው በያዘው ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዲግሪው በምን እንደሆነ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሕክምና ከመጀመሪያው አንሥቶ ዲግሪ ለያዘ ሰው የሚሰጥ ትምህርት በመሆኑ፣ የሙዚቃ ምሩቅም ቢሆን የጎደሉትን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው ከፍሎ ይወስዳል፤ ኤምካት የሚባለውን ፈተና ይፈተናል፤ ያመለክታል። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በዚያው አገር ኮሌጅ የተወሰደ ኮርስ ስለሚፈልጉ፣ የተማሩትን ኬሚስትሪ እንደ አዲስ ይማሩታል።

በኢትዮጵያ ከሌላ ሙያ ወደ ሐኪምነት የመሻገር ፍላጎት የቆየ ታሪክ አለው። በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ጤና መኮንኖች ሐኪም በማይደርስበት ወረዳ መርማሪም፣ አካሚም፣ አስተዳዳሪም ነበሩ። የሐኪም ሥራ እየሠሩ ሐኪም አለመባል ለማንም የሚዋጥ አይደለምና፣ ከመካከላቸው ብዙዎች ሕክምና የሚማሩበትን ዕድል ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ያገኙትም ሐኪም ሆነዋል። ጎንደር ራሱ የሕክምና ኮሌጅ የሆነው በ1971 ዓ.ም. በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ነው።

ሰፊው ዕድል የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች ተማሪዎቹ ባጭሩ “ኒው ኢኒሼቲቭ” የሚሉትን፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ሐኪም የሚሆንበትን ሥልጠና በ13 ተቋማት አስጀመሩ። ተቋማቱ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አልነበሩም፤ እንደ አዳማና ይርጋለም ያሉ ሆስፒታሎችም ራሳቸው ኮሌጅ ሆኑ። መንግሥት ያኔ የሐኪም እጥረቱን በብዛት በማሠልጠን ለመድፈን ቆርጦ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሐኪም ማስቆም ካልተቻለ፣ ከሚወጣው የሚበልጥ ይመረቅ የሚል ስሌት ነው። ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የተማረ፣ ወይም በነርስነትና በጤና መኮንንነት ያገለገለ ሰው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ከሚመጣው ይልቅ ቶሎ ይደርሳል ተባለ። የመግቢያ ፈተናውን አልፎ የገባ ተማሪ ኢንተርንነቱን ጨምሮ አምስት ዓመት ያህል ይማራል። ከተቋማቱ መካከል ዛሬ ተማሪ ከ12ኛ ክፍል የሚቀበሉ ስላሉ፣ አመልካች የየዓመቱን የቅበላ ማስታወቂያ መከታተል አለበት።

ይህ ሁሉ በአዲስ አበባው ቃሊቲ ምን እንደሚመስል ማየት ቀላል ነው፤ ሰፈሩ የፋብሪካ ሰፈር ነውና። በምግብ ፋብሪካ የጥራት ክፍል የሚሠራ የኬሚስትሪ ምሩቅ፣ በፋብሪካ ክሊኒክ ያለች ነርስ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር፣ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ፤ እነዚህ ሁሉ ለማመልከት የሚያበቃ የትምህርት መስክ አላቸው። ቃሊቲ ጉምሩክ የሚሠራ፣ በአካውንቲንግ የተመረቀ ትራንዚተር ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መስኩ አያስገባውም። ወይ እንደ ግል ተፈታኝ 12ኛ ክፍልን ደግሞ ይፈተናል፣ ወይ የሳይንስ ዲግሪ ከሀ ይጀምራል። በኤክስቴንሽን ማታ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው ያው አካውንቲንግና ማኔጅመንት ነው፤ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ትምህርት በምሽት ማግኘት ከባድ ነው። የሠራተኛ ትምህርት በተስፋፋበት ከተማ የሳይንሱ እንዲህ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ዝግጅቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ጥናት ነው፤ የሕዋስ ባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ። ነርሷ ሕመምተኛ ታውቃለች፣ ኦርጋኒኩን ግን ረስታዋለች፤ የኬሚስትሪው ምሩቅ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የቀድሞ ሙያቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲያጠኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ቀላል ባቡሩ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲን ከሜክሲኮና ከልደታ ስላገናኘ፣ መሐል ከተማ ካለ የጥናት ጓደኛ ጋር መገናኘት እንደ ቀድሞው አያዳግትም።

ሁለተኛው ወገን ወረቀት ነው፤ ሰው የሚሰናከለውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከተቋም ወደ ተቋም እንጂ በአመልካቹ እጅ አይሄድም። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ወይም የአገልግሎት ግዴታውን ያልጨረሰ ሰው በእጁ ያለው ቴምፖራሪ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ መልቀቂያ ያስፈልገዋል፤ ባለሙያ ያነሰው ጤና ጣቢያ ነርሱን በቀላሉ አይለቅም። ይህን ጣጣ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል።

ትምህርቱ ሥራ እየሠሩ የሚማሩት አይደለም። ቀኑ ክፍልና ራውንድ፣ ሌሊቱ ዲዩቲ ነው፤ ደመወዝም ይቆማል። የኒው ኢኒሼቲቭ ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ዘዴ ወስዷል፤ የታማሚ ታሪክ ይቀርባል፣ ተማሪዎች በትንሽ ቡድን መንስኤውን ይፈልጋሉ፣ መምህሩ ያግዛል። ሥራ ቀምሶ ለመጣ ጎልማሳ ከሌክቸር ይልቅ ይህ ይስማማዋል። መምህር ባነሰበት ተቋም ግን “ራስህ ፈልግ” ማለት ተማሪውን ብቻውን መተው ይሆናል።

ከምረቃ በኋላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ቀድሞ ጤና ሚኒስቴር ምሩቃንን በዕጣ ወደየክልሉ ይመድብ ስለነበር ሥራ ማጣት አይታሰብም ነበር፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ክልሎች የቅጥር በጀት አጥሯቸው ሥራ የሚጠብቁ ጠቅላላ ሐኪሞች ታይተዋል። ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ አገር አቀፉን የሬዚደንሲ ፈተና ያልፋል፤ የውስጥ ደዌ ሦስት ዓመት፣ ቀዶ ሕክምና ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። በ28 ዓመቱ ወደ ክፍል የተመለሰ ሰው ስፔሻሊስት ሲሆን ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ነው።