ጭንቀት የኢማን ድክመት ነውን?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን በየቤታችን ስላለ፣ ግን ብዙ ስለማይወራ ችግር እንነጋገራለን።

አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ባለቤታቸው ሸዋሮቢት እየወረዱ ይነግዳሉ። ጣርማ በር ላይ ጉም በወረደ ቁጥር «ዋሻውን አልፈው ይሆን?» እያሉ ሲጨነቁ ያመሻሉ። ጦርነቱ ደብረ ሲና ከደረሰበት ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህማ በር ሲንኳኳም ይደነግጣሉ። «የኔ ልጅ፣ ያችን የእንቅልፍ ኪኒን ስጭኝ። ለሰው እንዳትነግሪብኝ፤ ኢማኗ ደከመ ይሉኛል» አሉኝ።

መጨነቅ የኢማን ድክመት ነውን? አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከጭንቀትና ከሐዘን እንዲጠብቃቸው አላህን ይለምኑ ነበር። ሰውነታችን አደጋ ሲሰማው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ይረጋጋል። ጭንቀቱ ካላባራ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ምታት ያመጣል፣ ጨጓራን ያባብሳል፤ ቤት ውስጥም በልጆችና በትዳር ጓደኛ ላይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል።

ብዙዎች «የእንቅልፍ ኪኒን» የሚሉት ዳያዜፓም ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደውና ተጨማሪ ይፈልጋል። በድንገት ሲቋረጥም ሰውነትን እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎችም የሚያቆሙት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ጭንቀትን ለሚያምኑት የቤተሰብ አባል መናገር። የተደበቀ ጭንቀት ይከብዳል።

2ኛ. የማታ ቡናንና ጫትን መተው። 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣ ቡና ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ከምሽቱ 4 ሰዓትም በሰውነት ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

3ኛ. ሲቆጡ ቆመው ከሆነ መቀመጥ፣ ካልበረደ ጋደም ማለት። ይህ የነቢያችን ምክር ነው። ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስም የልብን ምት ያረጋጋል።

4ኛ. የቤት ሥራን መካፈል። ውኃውም፣ እንጀራውም፣ ልጁም በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ እየተጫነ «ለምን ትቆጫለሽ?» ማለት ፍትሕ አይደለም።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ መከፋቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ካስፈለገ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይላካሉ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳንተወው ወዲያውኑ እንውሰደው። ዱዓችን ይቀጥላል፤ ሕክምናም ሰበብ ማድረስ ነው። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ማለት ይኸው ነው።

እኒያ እናት ኪኒኑን አልወሰዱም፤ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ለባለቤታቸውም ጭንቀታቸውን ነገሯቸው። አሁን ባለቤታቸው ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት ከደብረ ሲና ይደውሉላቸዋል። «አልሐምዱሊላህ፣ ከደወሉልኝ እተኛለሁ» ብለውኛል።

አላህ ልባችንን ያስፋልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!