ለሜዲኬር የዘገየ ሁሉ አይቀጣም

ሜዲኬር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሰልፍ አልያዙም፤ መዝገቡ ራሱ ከተማቸው ድረስ ሄደላቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ከዋሽንግተን ተነሥተው በሚዙሪ ወደምትገኘው ኢንዲፔንደንስ ከተማ ተጓዙ። ሜዲኬርን ያቋቋመውን ሕግ በትሩማን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈረሙ፤ ብሔራዊ የጤና መድን እንዲኖር ቀድመው የታገሉትን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንንም በአንደኛ ተራ አስመዘገቡ። ትሩማን ያኔ 81 ዓመታቸው ነበር። እስከዛሬ የት ነበሩ ያላቸው የለም።

ዛሬ ግን መዝገቡ ወደ ቤት የሚመጣው ለአንዳንዱ ብቻ ነው። 65 ዓመት ከመሙላቱ ቢያንስ 4 ወር አስቀድሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ መቀበል የጀመረ ሰው ካርዱ በፖስታ ይደርሰዋል። ጡረታውን ያልጀመረው ራሱ ማመልከት አለበት። ድሮ ሙሉ ጡረታም ሜዲኬርም በ65 ዓመት ስለሚገኙ ሁለቱ አብረው ይሄዱ ነበር። በ1983 የወጣ ሕግ የሙሉ ጡረታን ዕድሜ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጎ፣ በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት 67 አደረሰው። ሜዲኬር እዚያው 65 ላይ ቀረ። “ጡረታዬ ሲደርስ አብሮ ይመጣል” ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚዘገየው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የዘገየ ሰው በመጀመሪያ የዘገየበትን ክፍል መለየት አለበት። ፓርት ኤ የሆስፒታል ሕክምና መድን ነው። ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 10 ዓመት ያህል ሠርቶ 40 ክሬዲት ያሟላ ሰው ወርሃዊ ክፍያ የለበትም፤ ቢዘገይም ቅጣት አያገኘውም። እንዲያውም ሽፋኑ እስከ 6 ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ይታሰብለታል። ሰዓት የሚቆጥሩት ሌሎቹ ናቸው፤ የሐኪም፣ የምርመራና የተመላላሽ ሕክምና ወጪ የሚሸፍነው ፓርት ቢ እና ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመድኃኒቱ ፓርት ዲ።

የመጀመሪያው የምዝገባ በር ለ7 ወር ክፍት ነው፤ 65 ከሚሞላበት ወር በፊት 3 ወር፣ ወሩ ራሱ፣ ከዚያ በኋላም 3 ወር። እዚህ ላይ ብዙ ስደተኞችን የሚመለከት ነገር አለ። ትክክለኛ የልደት ቀናቸው ሳይታወቅ ቀርቶ በሰነዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ጥቂት አይደሉም። ሜዲኬር በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደን ሰው ዕድሜው ባለፈው ወር እንደሞላ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የእነሱ በር ሴፕቴምበር ላይ ተከፍቶ ማርች መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ “እስከ ኤፕሪል ጊዜ አለኝ” ያለ ሰው ያመልጠዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅጣት ለምን እንደተደነገገ ዕድር ያለበት ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሰው ሁሉ ታሞ አልጋ ሲይዝ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ የሚያዋጣው ማን ነው? ዕድር ዘግይቶ የሚገባውን አባል፣ ነባሮቹ እስከዚያ ያዋጡትን የሚያካክስ መግቢያ ይጠይቀዋል። ልዩነቱ ዕድሩ መግቢያውን አንዴ ተቀብሎ ይተወዋል፤ የፓርት ቢ ቅጣት ግን ሰውየው ፓርት ቢ እስካለው ድረስ በየወሩ ይከተለዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በማርች 1958 አጋማሽ የተወለዱ አንድ የታክሲ ሹፌር አሉ እንበል። የራሳቸው ሥራ ስለሆነ ኢንሹራንስ የገዙት ከኦባማኬር ገበያ ነው። 65 ሲሞላቸው “ኢንሹራንስ አለኝ” ብለው ተዉት። በራቸው ጁን 30 ቀን 2023 ተዘጋ። ትዝ ያላቸው በፌብሩዋሪ 2026 ነው። በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 በሚከፈተው ጠቅላላ ምዝገባ ገቡ፤ ሽፋናቸውም ማርች 1 ጀመረ። (እስከ 2022 ድረስ ቢሆን ኖሮ ጁላይን መጠበቅ ነበረባቸው።) ከጁላይ 2023 እስከ ፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ ያለው 32 ወር ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ስለሚጨምር የሚቆጠርባቸው ሁለት ዓመት ነው፤ ትርፉ 8 ወር አይታሰብም። የ2026 መደበኛው የፓርት ቢ ክፍያ በወር 202.90 ዶላር ነው። 20 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 243.50 ይደርሳል፤ በዓመት 487 ዶላር ያህል ትርፍ ማለት ነው። መደበኛው ክፍያ በጨመረ ቁጥር ቅጣቱም አብሮ ያድጋል።

አሁን ደግሞ በትልቅ ሆቴል የሚሠሩ ሴት እናስብ። በሥራ ቦታቸው ኢንሹራንስ ታቅፈው እስከ 70 ዓመታቸው ሠሩ፤ ፓርት ቢ አልወሰዱም። ከሹፌሩ የበለጠ ዘግይተዋል። ቅጣታቸው ግን ዜሮ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው “ኢንሹራንስ ነበረዎት ወይ?” ብሎ አይደለም፤ “ኢንሹራንሱ የመጣው እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ አሁን ከምትሠሩበት ሥራ ነው ወይ?” ብሎ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ከሥራው ወይም ከኢንሹራንሱ ቀድሞ ያበቃው ካቆመበት ጊዜ አንስቶ የ8 ወር ልዩ የምዝገባ ጊዜ ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ 8 ወር ውስጥ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ኮብራ በሚባለው ሕግ የድሮ ኢንሹራንሱን እስከ 18 ወር እየከፈለ ማቆየት ይችላል። ካርዱ ያው፣ ሐኪሙም ያው ስለሆነ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። ለሜዲኬር ግን ኮብራ የሥራ ኢንሹራንስ አይደለም፤ ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ሥራው ሲያበቃ ነው። አሠሪው ለጡረተኞች የሚሰጠው ኢንሹራንስም አያድንም፤ የኦባማኬሩም እንዲሁ። ከ20 ያነሰ ሠራተኛ ባለው ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለበት። ቅጣት ባያገኘውም ቀዳሚ ከፋዩ ሜዲኬር ስለሆነ፣ ፓርት ቢ ከሌለው የሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ሜዲኬር ሊከፍል የሚገባውን ድርሻ አልከፍልም ሊለው ይችላል።

የፓርት ዲ ሰዓት ከዚህም ያጠረ ነው። በቂ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖር 63 ቀን ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር ከብሔራዊው መነሻ ክፍያ 1 በመቶ ይቀጣል። የ2026 መነሻ 38.99 ዶላር ነው፤ 14 ወር የዘገየ ሰው በየወሩ 5.50 ይጨምራል።

ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ያስመጧቸው አባቶችና እናቶች ነገር ለየት ይላል። እዚያ ሠርተው ክሬዲት ያላጠራቀሙ፣ ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ ወላጆች ሜዲኬርን በክፍያ መግዛት ይችላሉ። ሰባቱ ወር ለእነሱ የሚቆጠረው መስፈርቱን በመጀመሪያ ባሟሉበት ወር ዙሪያ ነው። በ70 ዓመታቸው የመጡ እናት 75 ላይ ቢመዘገቡ አሥር ዓመት ዘገዩ አይባሉም። በተቃራኒው፣ 40 ክሬዲት አሟልተው ኑሯቸውን አዲስ አበባ ያደረጉ ጡረተኛ “ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልልኝም” ብለው ፓርት ቢን ቢተዉ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ለሕክምና ሲመለሱ 50 በመቶ ተጨምሮ ይጠብቃቸዋል።

በሩ ለተዘጋበትም መውጫ አለ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው የሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራምን መስፈርት ካሟላ ስቴቱ የፓርት ቢን ክፍያ ይከፍልለታል፤ የመዘግየት ቅጣቱም ይነሣል። የመንግሥት ሠራተኛ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ የተነሣ የዘገየ ሰው ቅጣቱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። ከ2023 ወዲህ አሠሪው ያሳሳተው ሰውም ልዩ የምዝገባ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱም ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ጽፎ ማስቀመጥ ያኔ ይጠቅማል።

ከሥራ ሊለቁ የተዘጋጁ አንባቢዎች ሁለት ቅጾችን ያስታውሱ። አንደኛው የፓርት ቢ ማመልከቻ ሲኤምኤስ-40ቢ ነው። ሁለተኛው አሠሪው ሞልቶ የሚፈርመው ሲኤምኤስ-ኤል564 ሲሆን፣ ኢንሹራንሱ ከሥራ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃው እሱ ነው፤ ድርጅቱ ሳይዘጋ ወይም ቢሮው ሳይለወጥ ማስፈረም ይሻላል። በየስቴቱ ያሉት ሺፕ የሚባሉት የሜዲኬር አማካሪዎች ምንም አይሸጡም፤ ምክራቸውም በነጻ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ በ1-800-772-1213 ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም እንዲሁ ያለክፍያ ነው።