የጺም መላጫ ሳሙና

የጺም መላጫ ሳሙና ከመላጨት በፊት ፊት ላይ የሚቀባ፣ ጺምን የሚያለሰልስና ምላጭ ቆዳን ሳይቧጥጥ እንዲንሸራተት የሚያግዝ አረፋ የሚሰጥ ሳሙና ነው። በደረቅ ሳሙና፣ በክሬም፣ በጄል እና በቆርቆሮ ታምቆ በሚሸጥ አረፋ መልክ ይገኛል። ዋናው ይዘቱ የስብ አሲዶች ጨው ሲሆን፣ ግሊሰሪን፣ ዘይት፣ ሽቶና ማቆያ ሊጨመሩበት ይችላሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጤናማ ቆዳን አይጎዱም፤ አንዳንዶቹ ግን ቆዳን ሊያደርቁ፣ ሊያስቆጡ ወይም አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ። ጉዳቱን የሚወስነው የንጥረ ነገሩ ስም አስፈሪ መሆኑ ወይም «ተፈጥሯዊ» መባሉ ሳይሆን መጠኑ፣ ቆዳ ላይ የሚቆይበት ጊዜና የተጠቃሚው የቆዳ ሁኔታ ነው።

ሳሙናው እንዴት ይሠራል?

ሳሙና የሚገኘው ስብ ወይም ዘይት ከጠንካራ አልካሊ ጋር ሲዋሀድ ነው። ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ሳፖኒፊኬሽን ይባላል። የሞራም ሆነ የዘይት ሞለኪውል በአንድ ግሊሰሪን ላይ የተያያዙ ሦስት የስብ አሲዶች አሉት። አልካሊው ይህን ትስስር ሲፈታው የስብ አሲዶቹ ጨው፣ ማለትም ሳሙና፣ እና ግሊሰሪን ይፈጠራሉ። ስብ ከምን እንደተሠራና ሳሙና ሲሆን ምን እንደሚደርስበት በዝርዝር ያሳየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኦዠን ሼቭረል ነው፤ የምርምሩን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1823 ነበር።

ለሳሙና ሥራ ሁለት አልካሊዎች ያገለግላሉ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (በገበያ ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው) ጠንካራ ሳሙና ይሰጣል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ለስላሳና በውሃ ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ይሰጣል። የመላጫ ሳሙና ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቅልቅል ይሠራል፤ ክሬም ከሆነ ግን የፖታሲየሙ ድርሻ ይበልጣል። ተራ የገላ ሳሙና በአብዛኛው በሶዲየም ብቻ ስለሚሠራ አረፋው ቀጭን ነው፤ መላጨቱ ሳያልቅም ይከስማል።

እነዚህ አልካሊዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላሉ። ስለዚህ «ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ» የሚል ስም በሳሙና ማሸጊያ ላይ ያነበበ ሰው ሊሰጋ ይችላል። ይሁን እንጂ በትክክል በተሠራ ሳሙና ውስጥ አልካሊው ከስቡ ጋር ተዋህዶ አልቋል፤ በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው መነሻ ጥሬ ዕቃ ስለነበረ ነው። ቁም ነገሩ ልኬቱ ነው። 100 ግራም ስቴሪክ አሲድን ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 19.7 ግራም ያህል ንጹህ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቃል። 25 ግራም ቢጨመር ከ5 ግራም በላይ የሚሆነው ሳይዋሀድ ይቀርና ቆዳን ያቃጥላል። ጥንቁቅ አምራቾች ጥቂት ስብ ሳይዋሀድ እንዲተርፍ አልካሊውን ሆን ብለው ያሳንሳሉ። በቤት ውስጥ ያለ ትክክለኛ ሚዛን፣ ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከላከያ ሳሙና መሥራት አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና ንጥረ ነገሮችና ሥራቸው

ስቴሪክ አሲድ፦ 18 ካርቦን ያለው የስብ አሲድ ሲሆን በሞራና በፓልም ዘይት ውስጥ ይገኛል። የእሱ ሳሙና ደቃቅ፣ ወፍራምና ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ይሰጣል። ከአጫጭሮቹ የስብ አሲዶች ሳሙና ይልቅ ለቆዳ የለዘበ ስለሆነ የመላጫ ሳሙና መሠረት ነው።

ሎሪክ አሲድ፦ 12 ካርቦን ያለው ሲሆን በኮኮናት ዘይት ውስጥ ይበዛል። ቶሎ የሚነሳ፣ ትላልቅ ነጠብጣብ ያለው አረፋ ይሰጣል። ሲበዛ ግን የቆዳን ስብ አብዝቶ ስለሚያጥብ ያደርቃል። በዚህም ምክንያት ከስቴሪክ አሲዱ ያነሰ መጠን ይደረግበታል።

ግሊሰሪን፦ ውሃን የሚስብና የሚይዝ ነው። አረፋው ፊት ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ፣ ከመላጨት በኋላም ቆዳው እንዳይጨማደድ ይረዳል።

ላኖሊን፣ የጉሎ ዘይትና የመሳሰሉት፦ ማለስለሻዎች ናቸው። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት ሲሆን ለጥቂት ሰዎች አለርጂ ይሆናል።

ትራይኤታኖልአሚን፦ በቆርቆሮ አረፋና በጄል ውስጥ የፖታሲየምን ቦታ ተክቶ ከስቴሪክ አሲድ ጋር ሳሙና የሚፈጥር ቤዝ ነው።

አይሶቡቴን፣ ፕሮፔንና አይሶፔንቴን፦ የታመቁ ጋዞች ወይም ቶሎ የሚተኑ ፈሳሾች ናቸው። አይሶፔንቴን በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ጄሉ በእጅና በፊት ሙቀት ራሱ ወደ አረፋ ይለወጣል። ሦስቱም ተቀጣጣይ ስለሆኑ ቆርቆሮው ከእሳትና ከኃይለኛ ፀሐይ መራቅ አለበት።

ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ፦ ካልሲየምና ማግኒዚየምን አጥብቆ ይይዛል። እነዚህ ማዕድናት በብዛት ያሉበት ውሃ ሳሙናን ወደማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ስለሚለውጥ አረፋው እንዳይነሳ ያደርጋል።

ሜንቶል፦ የቅዝቃዜ ስሜት ይሰጣል እንጂ ቆዳን በትክክል አያቀዘቅዝም። ቅዝቃዜን የሚለየውን በነርቭ ጫፍ ላይ ያለ ፕሮቲን ስለሚቀሰቅስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዴቪድ ጁልየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህን ፕሮቲን ለማግኘት የተጠቀሙት ሜንቶልን ነበር። በተቆረጠ ወይም በተቆጣ ቆዳ ላይ ሜንቶል ያቃጥላል።

ጺምን እንዴት ያለሰልሳል?

ጺም ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ደረቅ ሲሆን ለመቆረጥ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ውሃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፣ ያብጣልም። ለዚህ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ማርጠብ ይበቃል። ጺሙን የሚያለሰልሰው ውሃው ነው፤ የሳሙናው ድርሻ ፀጉሩን የሸፈነውን ወዝ አንስቶ ውሃው እንዲገባ መንገድ መክፈት፣ አረፋውም ውሃውን ፊት ላይ ማቆየት ነው። ስለዚህ ሳሙናን በደረቅ ፊት ላይ ቀብቶ ወዲያውኑ መላጨት ውድ ሳሙናን እንኳ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

በቆዳ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

የቆዳ የላይኛው ሽፋን በሞቱ ሕዋሳትና በመካከላቸው ባለ ስብ የተገነባ ሲሆን ውሃ እንዳይወጣ፣ ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። የጤናማ ቆዳ ገጽ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ይሆናል። እውነተኛ ሳሙና በውሃ ሲሟሟ ግን ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ስለዚህ በታጠበ ወይም በተላጨ ቁጥር የቆዳው ፒኤች ከፍ ይላል፣ ከስቡም የተወሰነው ይታጠባል። ጤናማ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ችፌ ያለበት ወይም በጣም ደረቅ ቆዳ ግን ለመመለስ ይዘገያል። በዚህ ላይ ምላጩ ራሱ የላይኛውን ሽፋን በከፊል ይፍቃል፤ ከመላጨት በኋላ በሽቶና በአልኮል ማቃጠል የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ከመላጫ ሳሙና ጋር የሚያያዙ የቆዳ ችግሮች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው መቆጣት ነው። ማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በመጠንና በጊዜ ይወሰናል። ማቃጠሉ ወዲያው ወይም በሰዓታት ውስጥ ይሰማል፣ ሳሙናው ሲቀንስ ወይም ሲለወጥም ይሻሻላል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። የሰውነት መከላከያ አንድን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት ሲለየው ይከሰታል። ማሳከክና ሽፍታው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ይታያል። አንዴ ከጀመረ በትንሽ መጠንም ይመለሳል። ለዓመታት ያለ ችግር የተጠቀሙበት ሳሙናም አንድ ቀን አለርጂ ሊሆን ይችላል።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል፣ መቆጣቱ የሚታወቀው ይበልጥ በማሳከክ፣ በመሻከርና በመጥቆር ነው። ሽፍታው ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጠብጣብ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ከመላጨት በኋላ የሚወጣ እብጠት

ፀጉራቸው ጥቅልል የሆነ ሰዎች ከተላጩ በኋላ በአንገትና በአገጭ ላይ የሚወጣባቸው እብጠት በሕክምና ስሙ ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይባላል። በአፍሪካውያንና በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙዎች በሳሙናው ቢያመካኙም ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ቆዳ ተወጥሮ በጣም ከሥሩ ሲላጭ፣ የሾለው የፀጉር ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባና እንደገና ሲያድግ ታጥፎ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነትም እንደ እሾህ ቆጥሮት ያብጣል። በዚህ ላይ ሳሙና መቀያየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጺምን በደንብ ማርጠብ፣ ቆዳን አለመወጠር፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨትና ከሥሩ አለማንሳት ችግሩን ይቀንሳሉ። ጨርሶ የሚለቅ የሚሆነው ጺሙ እንዲያድግ ሲተው ነው።

ማቆያዎችና የአንድ ለውጥ ውጤት

ደረቅ ሳሙና ውሃው ትንሽ፣ ፒኤቹም ከፍተኛ ስለሆነ ጀርም በቀላሉ አይራባበትም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማቆያ አያስፈልገውም። ውሃ የበዛባቸው ምርቶች ግን በአብዛኛው ማቆያ ይደረግባቸዋል።

ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ማቆያዎች ፓራቤን ይባላሉ። በሆርሞን ላይ ተጽዕኖ ይኖራቸዋል የሚል ስጋት ሲነሳ ብዙ አምራቾች ተዉአቸው። ከተተኪዎቹ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነበር፤ በአውሮፓ ብቻውን በመዋቢያዎች ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚህ ንጥረ ነገር አለርጂ የያዛቸው ሰዎች በረከቱ። የአሜሪካ የንክኪ የቆዳ ሕመም ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ሲል ሰየመው። የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ላይ በሚቀሩ ምርቶች ውስጥ ከለከለው፤ በሚታጠቡት ደግሞ ከ0.0015 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በአንጻሩ ያው ማኅበር በ2019 ፓራቤኖችን «የዓመቱ አለርጂ የማያመጡ» ብሎ መረጣቸው፤ አለርጂ የሚያስነሱት እምብዛም ነውና። ስለዚህ «ከፓራቤን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምርቱ ለቆዳ ይበልጥ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

ሽቶና «ተፈጥሯዊ» ምርቶች

ሽቶ ለመዋቢያ አለርጂ ዋነኛ ምክንያቶች ከሚባሉት አንዱ ነው። በማሸጊያ ላይ «ፓርፉም» በሚል አንድ ቃል ሥር በርካታ ውህዶች ሊኖሩ ይችላሉ። በሎሚና በብርቱካን ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒን፣ በላቬንደር የሚገኘው ሊናሉል ተፈጥሯዊ ናቸው፤ ነገር ግን ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሀዱ ከበፊቱ የባሰ አለርጂ የሚያስነሱ ውህዶች ይሆናሉ። ያረጀና ክዳኑ ሳይዘጋ የከረመ ሳሙና ስለዚህ ከአዲሱ ይልቅ ሊያስቆጣ ይችላል።

ተፈጥሯዊ መሆን ከልዝብነት ጋር አንድ አለመሆኑን እንዶድም ያሳያል። በኢትዮጵያ ለልብስ ማጠቢያነት ሲያገለግል የኖረው የእንዶድ ፍሬ የሚያረፋው ሳፖኒን በተባሉ ውህዶች እንጂ በሳሙና አይደለም። ይህ ተክል የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ደርሰውበታል። ዓይንን የሚያቃጥል በመሆኑ ለፊት መላጫ አይሆንም።

ማሸጊያውን ማንበብ

የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ከብዙው ወደ ትንሹ ይደረደራል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። «አኳ» ውሃ፣ «ሶዲየም ታሎዌት» የሞራ ሳሙና፣ «ሶዲየም ፓልሜት» የፓልም ዘይት ሳሙና፣ «ሶዲየም ኮኮዌት» የኮኮናት ዘይት ሳሙና ማለት ነው። «ሽታ የለውም» የተባለ ምርት የጥሬ ዕቃውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ሊኖረው ስለሚችል፣ አለርጂ ያለበት ሰው «ፓርፉም» የሚለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

አንዳንዶች አዲስ ሳሙናን ክንዳቸው ላይ ቀብተው በፕላስተር ሸፍነው ያድራሉ። ይህ ትክክለኛ ፈተና አይደለም፤ ታምቆ የቆየ ሳሙና ጤናማ ቆዳንም ያስቆጣልና። የተሻለው በክንድ ላይ እንደተለመደው አረፋ አድርጎ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አጥቦ፣ ይህንኑ ለተወሰኑ ቀናት መደጋገም ነው። ሽፍታው ከተመላለሰ የቆዳ ሐኪም በአለርጂ ምርመራ ምክንያቱን ሊለይ ይችላል፤ ወደ ሐኪም ሲኬድም የሳሙናውን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ምርመራውን ያቀላል።