ያውቁ ኖሯል? ሐሰተኛው ማንቂያና እውነተኛው የጋማ ፍንዳታ

የጋማ ጨረር ፍንዳታ የተገኘው የኑክሌር ቦምብ ሲፈለግ ነው። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. አሜሪካ ድብቅ የኑክሌር ሙከራን የሚከታተሉ የቬላ ሳተላይቶችን ማምጠቅ ጀመረች። ሰኔ 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ቬላዎቹ ቦምብ የማይመስል ብልጭታ መዘገቡ። ብልጭታው አንድ ሳተላይት ላይ ብቻ ቢታይ ከጠፈር የመጣ ተራ ቅንጣት ሊሆን ይችላል፤ ተራርቀው የሚዞሩት አብረው ሲያዩት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በኋላ የተመዘገቡት ብልጭታዎች በየሳተላይቱ የደረሱበት የጊዜ ልዩነት ምንጩ ምድርም ፀሐይም አለመሆኑን አሳየ፤ ግኝቱ የታተመው በ1965 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. የመጠቀው ፌርሚ የተባለው የጋማ ጨረር የጠፈር ቴሌስኮፕም ማንቂያ የሚያሰማው ቢያንስ ሁለት ጠቋሚዎቹ አብረው ሲነቁ ነው፤ ያኔም የፀሐይ ፍንዳታና ከመብረቅ የሚነሣ የጋማ ብልጭታ ያሳስቱታል።