ረጅም ዕቅድ ረጅም ውል ይፈልጋል

በመቂና በባቱ ዙሪያ የቀይ ሽንኩርት ዋጋ በተወደደ ማግሥት ማሳው ሁሉ ሽንኩርት ይሆናል። ችግኙ መደብ ላይ ቆይቶ፣ ወደ ማሳ ተዛውሮ ለገበያ እስኪደርስ ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። የሁሉም ምርት በአንድ ሰሞን ሲነሳ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋውም ይወድቃል። አንዳንዴ የለቃሚና የመኪና ወጪው ከሽያጩ ስለሚበልጥ ሽንኩርቱ እዚያው ማሳው ላይ ይበሰብሳል። የከሰረው አምራች በቀጣዩ ወቅት እጁን ይሰበስባል፤ ምርት ያንሳል፣ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል።

ለዚህ ሁሉ የሚወቀሰው ገበሬው ነው፤ «አርቆ አያስብም» ይባላል። ወቀሳው ተገቢ አይመስለኝም። መሬቱን ለአንድ ወቅት የተከራየ፣ የዘር፣ የማዳበሪያና የፓምፕ ናፍጣ ገንዘብ ከነጋዴ ተበድሮ ምርቱ ሲደርስ ሊከፍል የተዋዋለ ሰው አቮካዶ ይትከል ብንል፣ ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይጠብቃል። እስከዚያ ዕዳው አይጠብቀውም፤ ፍሬውንም የሚለቅመው የመሬቱ ባለይዞታ ነው። ሽንኩርት መምረጡ በእጁ ላለው ውል ትክክለኛ ስሌት ነው።

እዚያው ባቱ ላይ ሌላ ስሌት የሠራ አለ። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስትል የወይን ተክል አልምቶ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያወጣው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ነበር። ፀሐዩ ያው የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ነው። ኩባንያው ግን በረጅም ጊዜ ሊዝ የያዘው መሬትና ገቢ ሳያመጣ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ካፒታል ነበረው። አርቆ ማሰብ ከጠባይ ይልቅ ዋስትና ይፈልጋል፤ የዘራው ሰው እንደሚያጭድ እርግጠኛ መሆን አለበት።

ይህ ለመንግሥት ፕሮጀክትም ይሠራል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለታችኛው የአዋሽ ሸለቆ መስኖ መሠረት ሆኗል። ከላይኛው ተፋሰስ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ግን የግድቡን ሆድ በደለል እየሞላው ነው። እርከን የሚሠራው የላይኛው ገበሬ ጉልበቱን ይከፍላል፤ ውሃና መብራት የሚያገኘው ሌላው ነው። ከጥቅሙ ለላይኛው ሰው የሚደርስበት አሠራር እስካልተበጀ ድረስ የእርከን ዘመቻው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል።

መፍትሔው በከፊል ሕጉ ውስጥ አለ። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999 በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለሚያለማ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ውል ፈቅዶ ነበር። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመሬት የመጠቀም መብትን በብድር መያዣነት ማቅረብ እንዲቻል አድርጓል። የቀረው እነዚህን በሮች መጠቀም ነው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ለፍራፍሬ የሚሰጡት ብድር ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ የእፎይታ ጊዜ ይኑረው። የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤቶች በቃል የሚደረገውን ኪራይ ወደ ተመዘገበ የጽሑፍ ውል ያምጡት።

አዳማ ላይ ሱቅ ለሚያከራይም ምክሩ ያው ነው። በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት ነጋዴ መደርደሪያና ማቀዝቀዣ ላይ ገንዘብ አያፈስም፤ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ብቻ ይዞ ይቀመጣል። የአምስት ዓመት ውል፣ ጭማሪው አስቀድሞ ተቆርጦ ቢጻፍ፣ ለሁለቱም ይበጃል።

አንባቢም የራሱን ቤት በዚሁ መለኪያ ይፈትሽ፦ ለአሥር ዓመት ዓላማ የተበደረው ብድር በአንድ ዓመት የሚመለስ ከሆነ፣ ከዕቅዱ በፊት የብድር ውሉን ያስተካክል።