የቡድሃ ታሪክ በግዕዝ? አዎ፣ ከ470 ዓመት በፊት!

ሰቆጣ ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አታገኙም። ታሪኩ ግን ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሀብቱን ትቶ ስለመነነ ሰው እዚህ ያልሰማ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የህንዱ ልዑል ሲዳርታ፣ በኋላ ቡድሃ የተባለው (ከኛ «ቡዳ» ጋር አይገናኝም)፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አይቶ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። ታሪኩ ከአገር አገር ሲሻገር የአንድ ክርስቲያን ልዑል ታሪክ ሆነ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው መጠሪያው አረብኛ ላይ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ ከዚያ በፊደል ነጥብ ስህተት «ዩዳሳፍ» ሆነ። በ1553 እ.ኤ.አ. በትውልድ የመናዊ የሆኑት የደብረ ሊባኖሱ አባ እንባቆም ለአፄ ገላውዴዎስ ወደ ግዕዝ መለሱት፦ «በረላም ወይዋሴፍ»።

ትምህርቱ ግን ይለያል። የግዕዙ ልዑል የሚድነው በክርስቶስ አምኖ ነው። የቡድሃ መንገድ የሚጀምረው ከምግባር ነው፦ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ አትዋሽ፣ አትስከር። ከዚያ ሀሳብን መሰብሰብና ማስተዋል ይከተላል፤ መጨረሻው መንቃት ነው። «ቡድሃ» ማለት ራሱ «የነቃ» ማለት ነው።

ስለዚህ «በ10 ደቂቃ ሜዲቴሽን ሰላም ታገኛላችሁ» የሚል አፕ ካያችሁ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ተዘሏል። ምላስና እጅ ሳይታረሙ ዓይን መጨፈን ብቻውን አያነቃም።